1540 ኪሎ እንዴት 4 ሆነ? ከፓይተን ወደ ፒኤችፒ መልስ ማቀበል

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ለሚገኝ የእህል ጅምላ መጋዘን የመኪና ሚዛን መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። ገጹ በፒኤችፒ ነው። የተጣራውን ክብደትና ለሻጩ የሚከፈለውን የሚያሰላው ደግሞ አንድ የፓይተን ፋይል ነው። ፓይተኑ ውጤቱን በሲስ.ኤግዚት ይመልሳል፤ ፒኤችፒው ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሳው በኤግዜክ ፈንክሽን ሦስተኛ ቦታ ላይ ይቀበለዋል። የሻጩን ስም በኤስኬፕሼልአርግ አሳልፌ ነው የምልከው። ደሴ ቤቴ ባለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ በትክክል ይሠራል። መጋዘኑ ውስጥ ወዳለው የኡቡንቱ ሰርቨር ስወስደው ግን 1540 ኪሎ መሆን የነበረበት 4 ሆኖ ይመጣል፣ ስሙም ባዶ ይሆናል። ክብደቱን ለጊዜው በእጅ ነው የማስገባው፤ ከሚዛኑ ጋር የመጣውን በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከፓይተን ስጠራው በሁለቱም ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጠኛል። እባካችሁ የምታውቁ፣ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

ወንድሜ፣ ሦስት ችግር ነው የገለጽከው፤ ምክንያታቸውም ሦስት ነው። ፓይተንም ሆነ ፒኤችፒ አልተበላሹም፣ ሰርቨሩም ጤነኛ ነው።

1540ን ለ256 አካፍል። 6 ጊዜ ይደርስና 4 ይተርፋል። ሰርቨሩ የሰጠህ ያቺን ትራፊ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ፕሮግራም የሚተወው የመውጫ ኮድ 8 ቢት ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 255 ማለት ነው። ሲስ.ኤግዚት ውስጥ የፈለግከውን ያህል ትልቅ ቁጥር ብታስገባ የሚያልፉት የታችኞቹ 8 ቢቶች ናቸው። 256 ብትልክ 0 ይደርሳል፣ 257 ብትልክ 1፣ -1 ብትልክ 255። ዊንዶውስ ላይ የመውጫ ኮዱ 32 ቢት ስለሆነ 1540 እንዳለ አለፈ፤ ላፕቶፕህ ላይ ነገሩ ልክ የመሰለህ ለዚህ ነው። የባሰው ደግሞ ገና አልመጣም፦ የአንዱ መኪና የተጣራ ክብደት ልክ 1536 ወይም 2560 ኪሎ የሆነ ቀን ሰርቨሩ 0 ያነባል፤ 0 ማለት ደግሞ በየትኛውም የሊኑክስ መሣሪያ ዘንድ «ያለ ችግር ተጠናቀቀ» ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ክብደት ሁሉ በአንጻሩ ውድቀት ተደርጎ ይቆጠራል።

ነጥብ ያለው ቁጥር ብትልክም አይሻልህም። ሲስ.ኤግዚት ሙሉ ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲሰጠው፣ 1540.5ም ሆነ ጽሑፍ፣ እሱን ስታንዳርድ ኢረር (የስህተት መልእክት መውጫው) ላይ ጽፎ በ1 ይወጣል። የፒኤችፒው ኤግዚት ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ጽሑፍ ስትሰጠው ስታንዳርድ አውትፑት (ዋናው የውጤት መውጫ) ላይ ያትመውና በ0፣ ማለትም በስኬት፣ ይወጣል። አንድ ቀን አቅጣጫውን ገልብጠህ ፓይተን ፒኤችፒን እንዲጠራ ብታደርግ «ዳታቤዙ አልተገኘም» ብሎ የወደቀ ስክሪፕት የተሳካ መስሎ ያልፍሃል።

መሠረቱን እንያዝ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ፈንክሽን መልስ ሲመልስ ጠሪውና ተጠሪው አንድ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ ቁጥሩ ቁጥር፣ ዝርዝሩም ዝርዝር እንደሆነ ይቆያል። ሁለት ፕሮግራም፣ ማለትም ሁለት ፕሮሰስ፣ ሲሆኑ ግን ሜሞሪያቸው ለየብቻ ነው። በመካከላቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያሻግርልህ ሁለት ነገር ነው፦ የባይት ጅረትና ያችን ትንሽ የመውጫ ቁጥር። የመውጫ ኮዱ ረዳቱ የመኪናውን ጎን መትቶ «ደርሰናል» እንደሚለው ነው፤ ጭነቱ ያለው ግን መኪናው ላይ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በስታንዳርድ አውትፑት በኩል ላከው፣ የመውጫ ኮዱን «ተሳካ ወይስ አልተሳካም፣ ካልተሳካስ በምን ዓይነት ምክንያት» ለማለት ብቻ ተጠቀምበት፣ ለሰው የሚነበብ ማብራሪያና ማስጠንቀቂያ ሁሉ ወደ ስታንዳርድ ኢረር ይሂድ። ይህን ክፍፍል አንዴ ካበጀህ ነገ ፓይተኑን በጎ ወይም በጃቫ ብትተካው የፒኤችፒው ገጽ አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሥራው ሙሉውን ክብደት ተቀብሎ ባዶውን ቀንሶ በዋጋ ማባዛት ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ቋንቋ አያስፈልግህም፤ እዚያው ፒኤችፒው ውስጥ አምስት መስመር ነው። ፓይተኑን የምትይዘው የሚዛኑ ላይብረሪ የሚጠራው በሱ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ከባድ ስሌት ካለህ ነው። ካለህ ቀጥል።

ስሙ ባዶ የሆነው በኤስኬፕሼልአርግ ምክንያት ነው። ጽሑፍን ለትእዛዝ መስመር በጥቅስ የሚጠቀልለው ይህ ፈንክሽን የሚያልፉትን ፊደላት የሚያውቀው ከሎኬል፣ ማለትም ከማሽኑ የቋንቋና የፊደል ቅንብር ነው። ኡቡንቱ ላይ አፓቼ ሲነሳ አካባቢውን ሲ በሚባለው ባዶ ሎኬል ያስነሳዋል፤ በቆዩ የፒኤችፒ ስሪቶች በዚያ ሎኬል ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከቁጥርና ከተለመዱ ምልክቶች ውጭ ያለ ባይት ሁሉ «የማይታወቅ» ተብሎ በዝምታ ይጣላል። የኛ ፊደል አንዱ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ ሦስቱም ይጣላሉ። «ከበደ» 9 ባይት ሆኖ ገብቶ 0 ሆኖ ይወጣል፣ ምንም የስህተት መልእክትም አታይም። ተርሚናል ላይ ራስህ ስትሞክረው ይሠራል፣ ምክንያቱም የአንተ ሎኬል ዩቲኤፍ-8 ነው፤ በዌብ ሰርቨሩ በኩል ሲሄድ ይጠፋል። ብዙ ሰው ዳታቤዙን ሲጠረጥር ቀኑን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ሴትሎኬል ብሎ ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን መንገዱን ራሱን እንድትተወው ነው የምመክርህ። ስምን፣ ሰሌዳን፣ አስተያየትን በትእዛዝ መስመር መላክ ሼሉን፣ ማለትም ትእዛዝ ተርጓሚውን፣ መሀል ማስገባት ነው፤ ሼል በገባ ቁጥር የጥቅስ ምልክቱ፣ ክፍት ቦታው፣ ደህንነቱ ሁሉ ያንተ ዕዳ ይሆናል። ግቤቱን በጄሰን (ሁሉም ቋንቋ የሚያነበው የዳታ አጻጻፍ) አድርገህ በስታንዳርድ ኢንፑት፣ ማለትም በግቤት መግቢያው፣ ስጠው፤ ሼሉንም ጭራሽ አውጣው።

ለዚህ ፒኤችፒ ውስጥ የሚያስፈልግህ ፕሮክ_ኦፕን ነው። ከፒኤችፒ 7.4 ጀምሮ ትእዛዙን እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ዝርዝር ይቀበላል፤ በዝርዝር ስትሰጠው ሼል ሳይጠራ ፕሮግራሙን በቀጥታ ያስነሳል። ዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ ታይምአውት የሚባለውን የሊኑክስ ትእዛዝ ከሙሉ አድራሻው ጋር፣ ቀጥሎ 20 (ሰከንዱን)፣ ቀጥሎ የፓይተኑን ሙሉ አድራሻ፣ መጨረሻ የፋይልህን ሙሉ አድራሻ ታስቀምጣለህ። ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት የምትጠቀም ከሆነ የፓይተኑ አድራሻ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለው ነው፤ «አክቲቬት» ማድረግ ለተርሚናል ነው እንጂ ለዚህ አያስፈልግም። ሙሉ አድራሻ የምለው ዌብ ሰርቨሩ የሚሠራበት ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ካንተ ስለሚለዩ ነው።

ሦስት ቻናሎች አሉ፦ 0 ስታንዳርድ ኢንፑት፣ 1 ስታንዳርድ አውትፑት፣ 2 ስታንዳርድ ኢረር። 0ውንና 1ዱን ፓይፕ (ሁለቱን ፕሮግራሞች የሚያገናኝ ቱቦ) አድርጋቸው፤ 2ቱን ግን ፓይፕ ሳይሆን በመጨመር ሁኔታ ወደሚከፈት የሎግ ፋይል አዙረው። ከዚያ ጄሰኑን በ0 ጻፍና ወዲያው ዝጋው፣ በ1 የመጣውን እስከ መጨረሻው አንብብና ዝጋው፣ በመጨረሻ ፕሮክ_ክሎዝ የሚመልሰውን የመውጫ ኮድ ያዝ።

ይህን ቅደም ተከተል አትቀያይረው፤ ፕሮግራም ተሰቅሎ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቻናል 0ን ሳትዘጋ ማንበብ ከጀመርክ ፓይተኑ «ገና ግቤት ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል፣ አንተም መልስ ትጠብቃለህ፤ ሁለታችሁም እስከ ታይምአውቱ ድረስ ተፋጥጣችሁ ትቆያላችሁ። ስታንዳርድ ኢረሩን ፓይፕ አድርገህ ሳታነበው ብትተወው ደግሞ ሌላ መቆላለፍ አለ፦ ሊኑክስ ላይ የአንድ ፓይፕ መያዣ በተለምዶ 65536 ባይት ነው። አንድ ላይብረሪ ማስጠንቀቂያ እየደረደረ ያንን ከሞላው ፓይተኑ መጻፍ አቅቶት ይቆማል፤ አንተ ግን ገና አውትፑቱ እስኪያልቅ እየጠበቅክ ነው። በትንሽ ግቤት ስትሞክረው አይታይም፤ ብዙ መኪና በሚመጣበት የገበያ ቀን ነው ብቅ የሚለው። ፋይል ላይ ስታዞረው ይህ ችግር ጨርሶ አይነሳም።

ታይምአውትን ለብቻ ያነሳሁት ሰዎች በፒኤችፒ የራሱ የጊዜ ገደብ ስለሚተማመኑ ነው። ሊኑክስ ላይ ያ ገደብ ውጭ ባለ ፕሮግራም የሚባክነውን ጊዜ አይቆጥርም፤ ፓይተኑ አንድ ሰዓት ቢሰቀል ገጹም አብሮ ይሰቀላል። የሊኑክሱ ታይምአውት 20 ሰከንድ ሲሞላ ፕሮግራሙን ገድሎ 124 ይመልሳል፤ አንተም 124ን ስታይ «ሚዛኑ አልመለሰም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ገጽ ታወጣለህ።

ፕሮክ_ክሎዝ -1 ከሰጠህ መሀል ላይ ፕሮክ_ጌት_ስታተስ ጠርተህ እንደሆነ እይ። ከፒኤችፒ 8.3 በፊት ያሉት ስሪቶች ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ትክክለኛውን ኮድ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ቀድሞ የጠየቀው ይወስደዋል።

የመውጫ ኮዶችህን ስትመድብ 0ን ለስኬት፣ ሌላውን ከ10 ጀምረህ ስጥ፦ 10 ግቤቱ ጎደሎ ሲሆን፣ 11 ባዶው ክብደት ከሙሉው ሲበልጥ፣ 12 የዕለቱ ዋጋ ሳይገኝ ሲቀር። 1ን ተውለት፣ ፓይተን ያልተያዘ ስህተት ሲገጥመው በ1 ነው የሚወጣው። 2ን አርግፓርስ፣ የፓይተኑ የትእዛዝ አማራጭ አንባቢ፣ የተሳሳተ አማራጭ ሲሰጠው ይጠቀምበታል። 126 ማለት ፋይሉ አለ ግን ማስነሳት አልተቻለም፣ 127 ማለት ጭራሽ አልተገኘም ነው። ከ128 በላይ ያለው ሼሉ ፕሮግራሙ በሲግናል መሞቱን የሚናገርበት ነው፤ 128 ቀንስለትና የሲግናሉን ቁጥር ታገኛለህ። 137 ሲግናል 9 ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ገድሎታል፤ 139 ሲግናል 11 ነው፣ የተከለከለ ሜሞሪ ነክቷል፣ የሲ ላይብረሪ ስትጠራ የምታውቀው ይሆናል። ፓይተን ራሱ ሌላ ፕሮግራም ሲጠራ ግን ይህንኑ -9ና -11 ብሎ በአሉታዊ ቁጥር ነው የሚያሳየው። 255 በፒኤችፒ ለከባድ ስህተት የተያዘ ነው።

አሁን መልሱ ራሱ ምን ይምሰል? አንድ የጄሰን ነገር፣ በአንድ መስመር፣ ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይጨመር፦

{"ጥያቄ_ቁጥር": "ኮ-00731", "ሻጭ": "ከበደ ገ/ማርያም", "የተጣራ_ኪሎ": 1540, "ክፍያ_ሳንቲም": 9625000, "ሰዓት": "2024-11-05 08:40:00+03:00"}

ሙሉው 4380፣ ባዶው 2840፣ የተጣራው 1540 ኪሎ፣ ማለትም 15 ኩንታል ከ40፤ ዋጋውን ለምሳሌ ኩንታሉን 6250 ብር ብንለው 96250 ብር ነው። በሳንቲም የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ገንዘብን በነጥብ ቁጥር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አታሻግር። 1.15ን በ100 አባዛ ብትለው ፓይተን 115 አይልህም፤ 114.99999999999999 ነው የሚልህ፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ስትቆርጠው 114 ይሆናል። አንድ ሳንቲም ናት፤ ግን የቀኑ መዝጊያ ሒሳብ አልገጥም ሲል ማታ ገንዘብ ያዡን ቁጭ የምታደርገው እሷ ናት። ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር አሻግረህ፣ ለሰው ስታሳይ ብቻ ለ100 አካፍል።

ስልክ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ደግሞ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይሁኑ። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ተደርጎ ሲሻገር 0ው ይወድቃል። ገጽህ ላይ ጃቫስክሪፕት ካለ ከ9007199254740991 በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር በትክክል መያዝ አይችልም፤ ባለ16 አሃዝ መለያ የመጨረሻ አሃዙ ተቀይሮ ሊታይህ ይችላል።

ቀኑንም ተጠንቀቅ። በመካከላቸው የሚሻገረው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት፣ +03:00 ተጨምሮበት ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠርና ወደ እኛ ሰዓት መመለስ የገጹ የመጨረሻ ሥራ ነው። በእኛ ቀን ብትልከው አብዛኛውን ዓመት የሚሠራ መስሎ ይቆያል፤ ስህተት አይሰጥም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባል። 2015-13-06 ሲመጣ፣ ጳጉሜን 6 ማለት ነው፣ ያኔ ፓይተን «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ብሎ ይወድቃል። ለጥቅምት 30ማ ጳጉሜንንም አትጠብቅ፤ 2ኛው የፈረንጅ ወር 30ኛ ቀን የለውም።

ፓይተኑ ጄሰኑን ሲያወጣ ከሚያጋጥሙት ሁሉ የሚበዛው የፓይተንን ዲክሽነሪ በቀጥታ ፕሪንት ማድረግ ነው። ሲያዩት ጄሰን ይመስላል፤ ግን በነጠላ ጥቅስ ነው፣ ባዶውንም እውነት-ሐሰቱንም በራሱ አጻጻፍ ነው የሚያወጣው፤ ፒኤችፒ አያነበውም። ሁልጊዜ በጄሰን ሞጁሉ በዳምፕስ አውጣ። ዳምፕስ የአማርኛውን ፊደል በኋሊት ዘንግና በቁጥር ኮድ ቢጽፈው አትደንግጥ፤ ያው ዳታ ነው፣ ሲነበብ ወደ ፊደሉ ይመለሳል። ሎግ ላይ ለዓይንህ እንዲመች ከፈለግክ ኢንሹር_አስኪን ሐሰት አድርገው። ፒኤችፒም በበኩሉ «ገ/ማርያም» ላይ ከሕዝባሩ በፊት የኋሊት ዘንግ ይጨምራል፤ እሱም ጤናማ ጄሰን ነው፣ ለማጽዳት ብለህ በሪፕሌስ አትነካካው።

ሁለተኛው፣ ስሌቱ ውስጥ ትርጉም የለሽ ቁጥር፣ ናን የሚባለው፣ ከተፈጠረ ዳምፕስ እንዳለ ይጽፈዋል፤ ናን ግን ጄሰን ውስጥ ቦታ ስለሌለው ፒኤችፒው መልሱን ሙሉ በሙሉ ይጥላል። አላው_ናንን ሐሰት አድርገው፣ ስህተቱ በተፈጠረበት በፓይተኑ በኩል ይታወቅ። ሦስተኛው፣ ለሙከራ ያስቀመጥካት አንዲት ፕሪንት ትረሳና ከጄሰኑ ፊት «እዚህ ደርሷል» ብላ ትቆማለች። መከላከያው ቀላል ነው፦ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዋናውን ስታንዳርድ አውትፑት በሌላ ስም ያዘውና ሲስ.ኤስቲዲአውትን ወደ ስታንዳርድ ኢረር አዙረው። ከዚያ በኋላ ማንም ፕሪንት ቢያደርግ ሎግ ላይ ያርፋል፤ ጄሰኑን አንተ በያዝከው በዋናው በኩል ታወጣለህ።

በፒኤችፒው በኩል መጀመሪያ የመውጫ ኮዱን እይ፤ 0 ካልሆነ ጄሰኑን አትመነው። 0 ከሆነ በጄሰን_ዲኮድ ፍታው፤ ግን ስህተት ሲያገኝ ዝም ብሎ ባዶ እንዳይመልስ፣ ከፒኤችፒ 7.3 ጀምሮ ያለውን በስህተት ጊዜ ኤክሴፕሽን የሚወረውረውን አማራጭ ስጠው። ቀጥሎ የጥያቄ ቁጥሩ የላክከው መሆኑን፣ ክብደቱም ሙሉ ቁጥር መሆኑን አረጋግጥ። ሼል_ኤግዜክ የሚባለውን ለዚህ ሥራ አትጠቀም፤ አውትፑቱን ይሰጥሃል እንጂ የመውጫ ኮዱን አይሰጥህም፣ ወድቆ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

ስሙን ለደረሰኝ ለማሳጠር ሰብስተር ከተጠቀምክ እሱ የሚቆጥረው ባይት ነው። 10 ባይት ላይ ብትቆርጠው 3 ሆሄ ከሲሶ ይቀራል፤ ያ የተሰበረ ጽሑፍ ጄሰን_ኢንኮድ ውስጥ ሲገባ ሙሉው ነገር ሐሰት ሆኖ ይመለስና ፓይተኑ ባዶ ግቤት ይደርሰዋል። ኤምቢ_ሰብስተር ነው የሚያስፈልግህ። ስምን መለያ ቁልፍም አታድርገው፤ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ሲመዘግብ ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው።

ወደ ላፕቶፕህ ስትመለስ አዲሱ አሠራር በተራው ዊንዶውስ ላይ ሊወድቅብህ ይችላል። እዚያ የፓይተን አውትፑት ወደ ፓይፕ ሲሄድ በዊንዶውሱ የቆየ የኮድ ገጽ ነው የሚጻፈው፤ ያ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅምና ኢንሹር_አስኪን ሐሰት አድርገህ ፊደሉን እንዳለ ካወጣኸው ፓይተኑ የኢንኮዲንግ ስህተት አውጥቶ በ1 ይሞታል። ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 አድርገው፣ ወይም ፋይሉ ውስጥ የግቤቱንም የውጤቱንም ቻናል በሪኮንፊገር ዩቲኤፍ-8 አድርጋቸው፤ ሁለቱም ከፓይተን 3.7 ጀምሮ አሉ። ፋይሎችህን በኖትፓድ የምታስተካክል ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ፊደል ፊት ቦም የሚባሉ 3 የማይታዩ ባይቶች እንዳይገቡ አቀማመጡን እይ፤ ፒኤችፒው ጄሰኑ ፊት ካገኛቸው አይፈታውም። የሊኑክሱ ታይምአውት እዚያ ስለሌለ ላፕቶፑ ላይ ያንን ክፍል ከዝርዝሩ አውጣው። የዊንዶውሱ ታይምአውት የሚባለው ትእዛዝ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ነገር ነው።

የሲው ላይብረሪ ጉዳይ የተለየ ነው፤ እዚህ ሁለት ፕሮሰስ የለም፣ ፓይተኑና ሲው አንድ ሜሞሪ ውስጥ ናቸው። ሲታይፕስ፣ ፓይተን የሲ ላይብረሪ የሚጠራበት ሞጁል፣ የፈንክሽኑ መልስ ምን ዓይነት እንደሆነ ካልነገርከው ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ነው ብሎ ይገምታል። የሚዛን ላይብረሪ ግን ክብደትን አብዛኛውን ጊዜ በደብል (ነጥብ ባለው ቁጥር) ነው የሚመልሰው። በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ ሙሉ ቁጥር አርኤኤክስ በሚባለው ሬጂስተር (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ትንሽ መያዣ)፣ ደብል ደግሞ ኤክስኤምኤም0 በሚባለው ይመለሳል። ፓይተን አርኤኤክስን ያነብባል፤ እዚያ ያለው ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁጥር ነው። ክብደቱ በትክክል ተመልሷል፣ አንተ ሌላ ኪስ እየፈተሽክ ነው። ከላይብረሪው ጋር የመጣውን የሄደር ፋይል ከፍተህ የፈንክሽኑን መስመር አንብብ፤ ደብል ካለ ሬስታይፕን ሲ_ደብል፣ ፍሎት ካለ ሲ_ፍሎት አድርግ፣ ግቤቶቹንም በአርግታይፕስ በቅደም ተከተላቸው ንገረው። ይህ ሁሉ ፈንክሽኑን ከመጥራትህ በፊት ይሁን።

ሄደሩ ውስጥ ፈንክሽኑ ኢንት መላሽ ሆኖ ከግቤቶቹ አንዱ የደብል ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነ፣ የሚመለሰው ክብደቱ ሳይሆን የሁኔታ ኮዱ ነው፤ ክብደቱ በፖይንተሩ ቦታ ይጻፍልሃል። ባዶ ሲ_ደብል ሠርተህ በባይሬፍ ስጠው፣ ኮዱ ደህና መሆኑን አይተህ ቫልዩውን አንብብ። የሚዛኑን መለያ ጽሑፍ የሚመልስ ፈንክሽን ካለም ሬስታይፑን አትርሳ፤ የ64 ቢት አድራሻ እንደ ኢንት ሲነበብ ግማሹ ይቆረጥና ያ 139 ይመጣል። ጽሑፉን አንተ መልሰህ ነጻ ማድረግ አለብህ ከተባለ ሲ_ቻር_ፒን ሳይሆን ሲ_ቮይድ_ፒን ተጠቀም፣ የመጀመሪያው ወደ ባይት ገልብጦ አድራሻውን ይጥለዋልና፤ የምታስለቅቀውም ላይብረሪው ራሱ ባዘጋጀው የማስለቀቂያ ፈንክሽን ብቻ ይሁን። ላይብረሪው ጨርሶ አልጫን ካለ ደግሞ የቢቱን ልክ እይ፤ የድሮ ሚዛኖች ላይብረሪ ብዙ ጊዜ 32 ቢት ነው፣ 64 ቢት ፓይተን ሊጭነው አይችልም። ዊንዶውስ ይህን በስህተት ቁጥር 193 ይነግርሃል። ያኔ 32 ቢት ፓይተን ለብቻው ጭነህ ንባቡን እሱ ይሥራ፣ ከላይ ባልኩህ በጄሰኑ መንገድ ለሌላው ያቀብል።

መብራት ስለሚጠፋ የጥያቄ ቁጥሩን ቀላል አድርገህ አትየው። ፓይተኑ አስልቶ፣ ፒኤችፒው ሳይመዘግብ መብራት ቢሄድ መዛኙ አዝራሩን እንደገና ይጫናል፤ መዝግቦ ደረሰኙ ሳይታተም ቢሄድም እንደዚያው። ቁጥሩን ገጹ ሲከፈት ፍጠረው፣ ዳታቤዙ ውስጥ ድግግሞሽ የማይቀበል ዓምድ አድርገው፤ ሁለተኛው ሙከራ አዲስ ክፍያ ከመመዝገብ ይልቅ የቀድሞውን ያወጣል። መልሱን በፋይል የምታቀብል ከሆነ እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፈህ ስትጨርስ ስሙን ለውጥ፤ ስም መለወጥ በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ የሚፈጸመው በአንዴ ስለሆነ ሌላኛው ፕሮግራም ግማሽ የተጻፈ ፋይል አያነብም።

በቀን የተወሰነ መኪና የሚመዝን መጋዘን ፓይተንን በየጥያቄው ማስነሳት ምንም አይከብደውም። እንደ ፓንዳስ ያለ ከባድ ላይብረሪ በየጊዜው መጫኑ ገጹን ሲያዘገየው ብቻ ፓይተኑን ቋሚ አገልግሎት አድርገህ በፍላስክ (የፓይተን የዌብ መሣሪያ) 127.0.0.1 በሚለው የማሽኑ የራሱ አድራሻ ላይ አስቀምጠው፤ ከውጭ እንዳይደረስበት በዚያ አድራሻ ብቻ ይስማ። ጄሰኑ ያው ይሆናል፤ የመውጫ ኮዱን የኤችቲቲፒ ሁኔታ ቁጥር ይተካዋል። በከርል ስትጠራው የጊዜ ገደቡን ራስህ ስጠው፣ ካልሰጠኸው የመልስ ገደቡ 0፣ ማለትም ወሰን የለሽ ነው፣ ለመገናኘት ብቻም እስከ 300 ሰከንድ ይጠብቃል።

ከማስረከብህ በፊት ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ በዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም፣ በሱዶ፣ ከተርሚናል አስነሳው፤ በራስህ ስም መሞከር ምንም አያረጋግጥም። ግቤቱን ከፋይል ስጠው፣ ስታንዳርድ ኢረሩን ወደ ሌላ ፋይል አዙር፣ ሲጨርስ ወዲያው ኤኮ $? ብለህ ኮዱን እይ። በፓይፕ ከሌላ ትእዛዝ ጋር ካያያዝከው የምታየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ኮድ ነው፣ ስለዚህ አታያይዘው። ግቤቶችህ እነዚህን ይንኩ፦ የተጣራው ልክ 1536 የሚሆን፣ ሕዝባር ያለበት ስም፣ ባዶው ከሙሉው የሚበልጥ፣ ክብደት የሌለው፣ እና የፓይተኑን ፋይል ስም ለጊዜው ቀይረህ 2 ሲመልስ ገጹ ለመዛኙ ምን እንደሚያሳየው።